ቀዳዳ የበዛባቸው የፒኤልጂኤ ማይክሮስፌሮች፦ መድኃኒቱ በመጀመሪያው ቀን ለምን ይወጣል?

ጽጌ_ፋርም | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡15

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። በፋርማሲዩቲክስ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። በውሃ በደንብ የሚሟሟ መድኃኒት ፒኤልጂኤ በሚባለው ፖሊመር (ረጅም ሰንሰለት ባለው ፕላስቲክ መሰል ነገር) ውስጥ አስገብቼ፣ አንዴ ተወግቶ ለሳምንታት ቀስ እያለ የሚለቅ ማይክሮስፌር፣ ማለትም ጥቃቅን እንክብል፣ ለመሥራት እየሞከርኩ ነው። ዘዴው ደብል ኢመልሽን ነው፦ መድኃኒቱን በጥቂት ውሃ አሟሟለሁ፤ ያንን ውሃ ዳይክሎሮሜቴን በሚባል ቶሎ የሚተን ማሟሚያ ውስጥ በሟሟው ፖሊመር እበትነዋለሁ፤ ከዚያ ሁሉንም ፖሊቪናይል አልኮል ባለበት ብዙ ውሃ ላይ አፍስሼ ዳይክሎሮሜቴኑ ተንኖ እስኪያልቅ አማስላለሁ። በመጨረሻ አጥቤ ፍሪዝ ድራየር ውስጥ አደርቃለሁ።

እንክብሎቹ ክብ ናቸው፣ መጠናቸውም ደህና ነው። የቸገረኝ ሪሊዙ፣ ማለትም መድኃኒቱ ከእንክብሉ የሚወጣበት አካሄድ፣ ነው። በ37 ዲግሪ ፎስፌት በፈር (አሲድነቱ እንዳይለዋወጥ የተዘጋጀ የጨው ውሃ) ውስጥ ሳስቀምጣቸው ከግማሽ በላይ የሆነው መድኃኒት በመጀመሪያው ቀን ይወጣል። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ምንም አይወጣም ማለት ይቻላል፤ በኋላ ደግሞ እንደገና ይጀምራል። ሌላ ቦታ ልኬ ያስነሳሁት የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ፎቶ ላይ ገጻቸው በቀዳዳ ተሞልቷል። አማካሪዬ "ቀዳዳውን አጥፊው" ይሉኛል። የማነባቸው ጽሑፎች ደግሞ ብዙዎቹ ሆን ብለው ቀዳዳ ለመፍጠር ሲደክሙ አያለሁ። የትኛውን ልያዝ? የምታውቁ ብትረዱኝ።

የቆየ_ፋርማሲስት | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡02

ጽጌ፣ አማካሪሽም ጽሑፎቹም ልክ ናቸው፤ የሚያወሩት ስለተለያየ ቀዳዳ ነው።

ከፎቶው በፊት የሪሊዝ ኩርባሽን እንየው። ሦስት ምዕራፍ እንዳለው ነግረሽናል፤ ይህ የፒኤልጂኤ የታወቀ ጠባይ ነው። በርስት የምንለው የመጀመሪያው፣ ገጹ አጠገብ ያለውና ከውጭ ጋር በተገናኙ ቀዳዳዎች ውስጥ የተቀመጠው መድኃኒት ነው። ውሃ እንዳገኘው ሟሙቶ ይወጣል። የዝምታው ጊዜ የፖሊመሩ ሰንሰለት በውሃ እየተቆራረጠ፣ ግን ገና ሳይፈርስ የሚቆይበት ነው። ሦስተኛው ሰንሰለቶቹ አጥረው ወደ ላክቲክና ግላይኮሊክ አሲድ ሲለወጡ የሚመጣው ነው። ሁለቱንም አሲዶች ሰውነት በተለመደው መንገዱ ያስወግዳቸዋል፤ ይህ ፖሊመር ይህን ያህል የተወደደውም በዚሁ ነው።

ስለዚህ ቀዳዳው ስንት ነው ከማለትሽ በፊት፣ የትኛው ወደ ውጭ ክፍት ነው ብለሽ ጠይቂ። እንጀራ ዓይን የሚያወጣው ሊጡ ሳይረጋ ጋዙ ወደ ላይ ማምለጥ ሲችል ነው፤ ሊጡ ቀድሞ ከረጋ ጋዙ ውስጥ ይቀራል፣ ዓይኑም አይከፈትም። በአንቺ ቢከር ውስጥም የሚወስነው ማን እንደቀደመ ነው። ፖሊመሩ ከመጠንከሩ በፊት የውስጡ ውሃ ጠብታ ገጽ ላይ ከደረሰ ክፍት ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል። ፖሊመሩ ከቀደመ ጠብታው ታሽጎ ይቀራል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ኦስሞሲስን ነው። የውስጡ ውሃሽ መድኃኒት አለበት፣ ምናልባትም በፈር አለበት። የውጭው ውሃ ግን የሟሟበት ነገር እምብዛም የለም። ገና ለስላሳ በሆነው ፖሊመር በኩል ውሃ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ጠብታዎቹ ያብጣሉ፣ እርስ በርስ ይገናኛሉ፣ እስከ ገጹ ድረስ ቦይ ይከፍታሉ። መድኃኒትሽ በዚያው ቦይ ገና ቢከሩ ውስጥ እያለ መውጣት ይጀምራል። የገባው መድኃኒት ስንት እንደሆነ ለክተሻል?

ጽጌ_ፋርም | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡20

አዎ ጋሼ፣ ለክቼዋለሁ። ከጨመርኩት በጣም ያነሰ ነው የገባው። ውስጡ በፈር አለበት፣ ውጭው ፖሊቪናይል አልኮል ብቻ ነው። አሁን ገባኝ።

የላብ_ሰው | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡10

እንግዲያው ከጨው ጀምሪ። ንጹሕ ሶዲየም ክሎራይድ ውጭው ውሃ ላይ ጨምሪበት፤ የሁለቱን ውሃ ኦስሞቲክ ግፊት የሚያቀራርብ መጠን አስልተሽ። ይህ ብቻውን ገጹን ምን ያህል እንደሚደፍነው ስታዪ ትደነቂያለሽ። ከዚያ የውስጡን ውሃ መጠን ቀንሺ፣ ፖሊመሩንም አወፍሪው፤ በወፍራም ፈሳሽ ውስጥ ጠብታ እንደልቡ አይንቀሳቀስም። የመጀመሪያውን ኢመልሽንም በደንብ አድቅቂው፣ ትልቅ ጠብታ ትልቅ ቀዳዳ ይተዋልና። አንዱን ለውጠሽ ውጤቱን ሳታዪ ሌላውን አትንኪ።

ፍሪዝ ድራየሩንም ጠርጥሪው። ውስጥ የቀረው ውሃ በረዶ ሲሆን ቀጫጭን ግድግዳዎችን ሊሰነጥቅ ይችላል። ከመድረቁ በፊት ካለው ናሙና ጥቂት ወስደሽ ሪሊዙን ጎን ለጎን ብታዪው ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይለይልሻል።

ለፎቶ ወረፋ መጠበቅ እንደሚያሰለች አውቃለሁ። ተራው ማይክሮስኮፕ ግን ብዙ ይነግራል። ጠጣር የፒኤልጂኤ ኳስ ብርሃን ያሳልፋል፤ ውስጡ በቀዳዳ የተሞላው ብርሃኑን ስለሚበትነው ጠቆር ብሎ ይታያል። ቀዳዳው ወደ ውጭ ክፍት መሆኑን ለማወቅ ደግሞ ቀለም ባለው ትልቅ ሞለኪውል፣ ለምሳሌ በብሉ ዴክስትራን፣ ነክረሽ አጥቢና ቀለሙ ውስጥ ገብቶ እንደሆነ እዪ። ሜቲሊን ብሉ ቅርብ ነው ብለሽ እንዳትወስጂ፤ ፖዘቲቭ ቻርጅ ስላለው አሲድ ጫፍ ካለው ፖሊመር ጋር ይጣበቅና ቀዳዳ የሌለውንም ሰማያዊ ያደርግብሻል።

ሲስተር_እጅ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡30

በመሃል ስለገባሁ ይቅርታ። ነርስ ነኝ፣ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ነው የምሠራው። በየወሩ ሞዴኬት የምንወጋቸው ታካሚዎች አሉን። ቤተሰብ ከሩቅ ገጠር ነው ይዟቸው የሚመጣው። ኪኒን ከሆነ እንደሚቋረጥ ስለሚያውቁ መርፌውን ይመርጡታል፤ አንዲት እናት "ለወሩ እፎይ አልኩ" ስትል ሁሌም ልቤን ይነካዋል። እናንተ የምታወሩት ከሞዴኬት ጋር አንድ ነው? የሦስት ወሩ መርፌስ? ክንድ ላይ የሚቀበረውስ?

የቆየ_ፋርማሲስት | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡45

ሲስተር፣ ጥያቄዎ ለዚህ ውይይት በጣም ያስፈልገው ነበር። ዓላማቸው አንድ ነው፣ መንገዳቸው ግን አራት ነው።

ሞዴኬት ፍሉፌናዚን ዴካኖኤት ነው። መድኃኒቱ ከረጅም ፋቲ አሲድ ጋር ተያይዞ ዘይት ውስጥ ይሟሟል። ጡንቻ ውስጥ ሲገባ ከዘይቱ ወደ ደም የሚሻገረው ቀስ እያለ ነው፣ ከዚያ ኢንዛይም ይቆርጠዋል። ፖሊመር የለበትም። የሦስት ወሩ መርፌ፣ ዴፖ ፕሮቬራ፣ 150 ሚሊግራም ሜድሮክሲፕሮጄስትሮን በጥቃቅን ክሪስታል መልክ ውሃ ውስጥ የተበተነ ነው፤ የሚያዘገየው ክሪስታሉ ለመሟሟት የሚፈጅበት ጊዜ ነው። ክንድ ላይ የሚቀበረው ኢምፕላኖን እውነተኛ ፖሊመር አለው፦ ኢቲሊን ቪናይል አሲቴት፣ ውስጡ 68 ሚሊግራም ኢቶኖጄስትሬል፣ ለሦስት ዓመት። ያ ፖሊመር ግን አይፈርስም፣ ስለዚህ ጊዜው ሲያበቃ ሰው ማውጣት አለበት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን ማስገባቱን ተምረው ገጠር ድረስ ሲያደርሱት፣ የማውጣቱ አገልግሎትም አብሮ መድረስ ነበረበት።

ጽጌ የምትሠራው አራተኛው ነው። ፖሊመሩ ራሱ ፈርሶ ስለሚጠፋ ለማውጣት ማንም አይመጣም። ከሦስቱ ሁሉ የሚከብደውም እሱ ነው፤ ሪሊዙን የሚገዛው የአንድ ነገር ፍጥነት አይደለምና። የቀዳዳው ቅርጽ፣ የፖሊመሩ አፈራረስና የመድኃኒቱ ጠባይ አብረው ይሠራሉ።

ፋርማሲስት_ከሜሪላንድ | ረቡዕ፣ ከሰዓት በኋላ 10፡20

ሲስተር ላነሱት ጥያቄ አንድ ጥሩ ማነጻጸሪያ አለኝ። እዚህ አሜሪካ በ2003 (ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) የተፈቀደው ሪስፐርዳል ኮንስታ በፒኤልጂኤ ማይክሮስፌር የተሠራ የስኪዞፍሬንያ መርፌ ነው፣ በየሁለት ሳምንቱ ይሰጣል። ጽጌ ይህን ልብ በዪ፦ በመጀመሪያው ቀን የሚወጣው ከመጠኑ 1 በመቶ አይሞላም። ዋናው ሪሊዝ የሚጀምረው ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ ነው። በዚህ ምክንያት ታካሚው የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት ኪኒን መቀጠል አለበት። ያንቺ ከግማሽ በላይ፣ የእነሱ ከ1 በመቶ በታች፤ ፖሊመሩ የዚያው ቤተሰብ ነው። አንድ ነገር ግን አለ፦ በውስጡ ያለው መድኃኒት፣ ሪስፔሪዶን፣ በውሃ እምብዛም አይሟሟም፣ ያንቺ መድኃኒት ይሟሟል። ስለዚህ እኩል እሆናለሁ ብለሽ ራስሽን አታስጨንቂ።

መንገዱ ረጅም ነው። ተመራማሪዎቹ ላንገርና ፎክማን ትላልቅ ሞለኪውሎች ከፖሊመር ውስጥ ለረጅም ጊዜ ቀስ ብለው ሊወጡ እንደሚችሉ ያሳዩት በ1976 ነው። ለፕሮስቴት ካንሰር የሚሰጠው የሉፕሮን ዴፖ ወርኃዊ መርፌ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በ1989 ነው። ሳንዶስታቲን ኤልኤአር በ1998፣ ለአልኮል ጥገኝነት የሚሰጠው ቪቪትሮል በ2006 ተከተሉ።

አያያዙ ግን ከባድ ነው። ኮንስታ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል፤ ከማቀዝቀዣ ወጥቶ ከ25 ዲግሪ ሳይበልጥ መቆየት የሚችለው ከ7 ቀን አይበልጥም። ከራሱ ማሟሚያ ውጭ በሌላ አይበጠበጥም። በደንብ ካልተናወጠ እንክብሎቹ ይዘቅጣሉ፣ ታካሚው ሙሉ መጠኑን አያገኝም። ይህን ለታካሚ በየጊዜው አስረዳለሁ፤ ይህን ሁሉ በገጠር ጤና ጣቢያ ሳስበው ያሳስበኛል።

ሳንባ_ክፍል | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡05

ሐኪም ነኝ፣ የቲቢ ታካሚዎች አያለሁ። ስድስት ወር መድኃኒት መውሰድ ምን ማለት እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በትንፋሽ የሚሳቡ ማይክሮስፌሮች እንዳሉ ሰምቻለሁ። ቀዳዳማ መሆናቸው እዚያ ላይ ጥቅም አለው የሚባለው እውነት ነው?

የላብ_ሰው | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡40

ዶክተር፣ ቀዳዳ በጣም የሚያምረው እዚያ ነው። በ1997 ኤድዋርድስ፣ ላንገርና ባልደረቦቻቸው ሳይንስ መጽሔት ላይ ያወጡት ሥራ አቅጣጫውን ለውጦታል።

ወደ ጥልቁ ሳንባ የሚደርሰው አየር ውስጥ ሲንሳፈፍ ከ1 እስከ 5 ማይክሮሜትር እንዳለው የሚቆጠር ብናኝ ነው። ከዚያ የከበደው ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ብናኙ አየር ውስጥ የሚኖረው ጠባይ ግን በስፋቱ ብቻ አይወሰንም፤ በግምት ስፋቱን በጥግግቱ ካሬ ሩት ማባዛት ነው። ጠጣር ፒኤልጂኤ ጥግግቱ ወደ 1.3 ግራም በኪዩቢክ ሴንቲሜትር ነው፤ ስለዚህ የ10 ማይክሮሜትር ጠጣር ኳስ እንደ 11 ይቆጠራል፣ ጉሮሮ አያልፍም። ያንኑ 10 ማይክሮሜትር ውስጡን በቀዳዳ ሞልተን ጥግግቱን ወደ 0.1 ካወረድነው እንደ 3 ገደማ ይሆናል፣ ሳንባ ውስጥ ይገባል። እዚያ ሲደርስ ደግሞ ስፋቱ ያድነዋል፦ የሳንባ ማክሮፋጅ (ባዕድ ነገር የሚውጥ የመከላከያ ሴል) በቀላሉ የሚውጠው ከ1 እስከ 3 ማይክሮሜትር ያለውን ስለሆነ ትልቁ ኳስ ተርፎ መድኃኒቱን ይለቃል። በዚያ ሥራ ኢንሱሊን በአይጥ ሳንባ ውስጥ ለ96 ሰዓት የደም ስኳር እንደቀነሰ አሳይተዋል።

ቀዳዳው ሆን ተብሎ ነው የሚፈጠረው። አንዱ መንገድ አሞኒየም ባይካርቦኔት የውስጡ ውሃ ላይ ጨምሮ ዳይክሎሮሜቴኑ ሲተን አሞኒያና ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዲያወጣ ማድረግ ነው። ጽጌ፣ አንቺ ያልፈለግሽው ፎቶ ለእነዚህ ሰዎች ግባቸው ነው።

በቲቢ ጉዳይ ግን ዶክተር፣ የሚፈልጉት ተቃራኒውን ሊሆን ይችላል። የቲቢ ባክቴሪያው የተደበቀው ማክሮፋጁ ውስጥ ስለሆነ፣ የቲቢ መድኃኒቱን ሪፋምፒሲን የያዘ ትንሽ ኳስ ማክሮፋጁ ቢውጠው ይጠቅማል። በጊኒ ፒግ ላይ የተሠሩ ጥናቶች የሄዱት በዚህ መንገድ ነው። ፋርማሲ ገብቶ የሚገዛ ምርት ግን የለም።

ፖሊመር_ወዳጅ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡15

አንድ ነገር ላክል። ቀዳዳ የበዛበት ብዙ ውሃ ስለሚያስገባ ቶሎ ይፈርሳል። ለረጅም ጊዜ የሚለቅ ከፈለግሽ ጠጣር ብቻ ነው።

የቆየ_ፋርማሲስት | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡00

ፖሊመር ወዳጅ፣ እዚህ ላይ አልስማማም፤ ነገሩ ሁልጊዜ እንደዚያ አይደለም። ፒኤልጂኤ ሲቆረጥ አሲድ ይወልዳል፣ አሲዱ ደግሞ መቆረጡን ያፋጥናል። በትልቅ ጠጣር ኳስ መሃል አሲዱ መውጫ ያጣና ይጠራቀማል፤ መሃሉ ከጠርዙ ቀድሞ ይበላል፣ አንዳንዴ ባዶ ቅርፊት ይቀራል። ቀዳዳ ያለው ኳስ አሲዱን ወደ ውጭ ያሳልፋል፣ በፈርም ወደ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ቀዳዳ የበዛበት ፖሊመር ከጠጣሩ ቀስ ብሎ ሊፈርስ ይችላል። ለፕሮቲን ይህ ትልቅ ጸጋ ነው፤ በጠጣሩ ኳስ ውስጥ ፒኤች በጣም ስለሚወርድ ፕሮቲኑ ሳይወጣ ይበላሻል።

መድኃኒቱ ቶሎ መውጣቱና ፖሊመሩ ቶሎ መፍረሱ ሁለት ነገር ናቸው። የጽጌ ኩርባ ላይ የመጀመሪያው ተከስቷል፣ ሁለተኛው በራሱ ጊዜ መጥቷል።

ፖሊመር_ወዳጅ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡12

ተቀብያለሁ። ሁለቱን ለይቼ አላየኋቸውም ነበር።

ግልጽ_ልናገር | ሐሙስ፣ ከረፋዱ 4፡30

የምትሉትን ሁሉ በአክብሮት አንብቤዋለሁ። እኔ በመድኃኒት ምርት ውስጥ ነው የቆየሁት፣ ከዚያ ወገን ልናገር። እነዚህ እንክብሎች ባክቴሪያ በሚይዘው የ0.22 ማይክሮሜትር ፊልተር አያልፉም። በሙቀት ማምከን አይቻልም፣ ይቀልጣሉ። በጋማ ጨረር ሲመከኑ ሰንሰለቱ ስለሚቆረጥ ሪሊዙ ይለወጣል። ስለዚህ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በንጹሕ ክፍል ውስጥ መሠራት አለባቸው። ይህ ሀብታሞቹንም አሸንፏል፤ የዕድገት ሆርሞን የያዘው ኑትሮፒን ዴፖ በ1999 መጨረሻ ተፈቅዶ በ2004 ከገበያ የወጣው በአመራረቱ ወጪ ነው። በትንፋሽ ከሚሳበው ኢንሱሊንም ኤክሱቤራ በ2007 ከገበያ ሲወጣ፣ ኤሊ ሊሊ ቀዳዳማ ብናኝ ላይ የተመሠረተውን የራሱን ሥራ በ2008 አቁሟል። ሙቀቱስ? ደረቅ ፒኤልጂኤ ከ45 እስከ 50 ዲግሪ አካባቢ ይለሰልሳል፤ እርጥበት ካለበት ከዚያም በታች። ሰመራ ወይም ጋምቤላ በከባድ መኪና ሲጓጓዝ አስቡት፤ እንክብሎቹ ተጣብቀው ይደርሳሉ። ልጆቻችን ጉልበታቸውን እዚህ ላይ ከሚያፈሱ በእንሰት ስታርች፣ በሙጫ፣ በእጃችን ባለው ላይ ቢሠሩ አይሻልም?

የቆየ_ፋርማሲስት | ሐሙስ፣ ከሰዓት በኋላ 8፡10

የዘረዘርከው ሁሉ እውነት ነው ወንድሜ፤ አንዱንም አልክድም። የእንሰት ስታርችም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ትምህርት ቤት ለታብሌት ማያያዣነት ተጠንቶ የታተመበት ነው፣ ሥራው የሚያኮራ ነው። ግን ስታርች ሰውነት ውስጥ ኢንዛይም ቶሎ ያገኘዋል፣ ውሃም ያሳብጠዋል፤ ኬሚካላዊ ለውጥ ካልተደረገበት ለወር የሚቆይ መርፌ አይሆንም። ሁለቱ ለተለያየ ሥራ ናቸው።

እነዚህ መርፌዎች አንድ ቀን ጄነሪክ ሆነው ወደ እኛ ይመጣሉ። ያን ጊዜ የቀረበው ሰነድ ላይ ያለውን የሪሊዝ ኩርባ አንብቦ "ይህ በርስት ከመጀመሪያው ምርት ይበልጣል፣ አልቀበልም" የሚል ገምጋሚ መድኃኒት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ውስጥ ያስፈልገናል። እንዲህ ያለ ሰው የሚገኘው በርስቱን በእጁ ካየና ምክንያቱን ከተረዳ ተማሪ ነው። ሲስተር የነገሩን እናት ልጇ ምን እንደተወጋ የሚያረጋግጥላት ሰው ይገባታል። ስለዚህ ጽጌ ሥራዋን እንድትተው አልመክርም።

ፋርማሲስት_ከሜሪላንድ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡20

በትንፋሹ ላይ አንድ ማሟያ። የቀዳዳማ ብናኝ ሐሳብ አልሞተም። በታኅሣሥ 2018 በፈረንጆች አቆጣጠር የተፈቀደው ኢንብሪጃ ለፓርኪንሰን የሚሳብ ሌቮዶፓ ነው፤ ክብደቱ የቀለለ ብናኝ ከዚያው ሐሳብ የወረደ ነው። ፒኤልጂኤ ግን የለበትም፣ አብዛኛው ሌቮዶፓው ራሱ ነው። ቀኑን ደጋግሞ የሚሳብ ነገር ሳምንታት የሚቆይ ፖሊመር ሳንባ ውስጥ ሲከምር መኖር የለበትም፤ ለእኔ ምክንያቱ ይሄ ይመስለኛል። ዶክተር፣ ለቲቢም ይህ ጥያቄ ይነሣል።

ጽጌ_ፋርም | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡05

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጨዉን ነገ እጀምራለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ አለኝ፦ ክፍት ቀዳዳ ያላቸውን ባዶ እንክብሎች መጀመሪያ ሠርቼ፣ መድኃኒቱን በኋላ አስገብቼ፣ ከዚያ ቀዳዳውን መዝጋት ይቻላል?

የቆየ_ፋርማሲስት | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡50

ይቻላል፣ ተሠርቷልም። ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ያለው የሽዌንድማን ቡድን ያደረገው ይህንኑ ነው። ቀዳዳ ያላቸውን እንክብሎች ፕሮቲን በተሟሟበት ውሃ ውስጥ ነከሩ፣ ፕሮቲኑ በቀዳዳዎቹ ገባ፣ ከዚያ ሙቀቱን ከ40 ዲግሪ ትንሽ ከፍ አደረጉት። ውሃ የጠጣው ፖሊመር እዚያ ላይ ለስላሳ ስለሚሆን ቀዳዳው በራሱ ይዘጋል። ፕሮቲኑን ዳይክሎሮሜቴንም ሆነ ሆሞጅናይዘር (ኢመልሽኑን የሚያደቅቀው ማሽን) አያገኘውም፣ ጥቅሙ እሱ ነው። ግልጽ ልናገር እንደ ችግር ያነሣው መለስለስ እዚህ መሣሪያ ሆኗል።

ለአንቺ ግን ሁለት ጥንቃቄ አለ። ትንሽ ሞለኪውል ከሆነ ሲታጠብ ተመልሶ ይወጣል፤ ዘዴው ለፕሮቲንና ለፔፕታይድ ይበልጥ ይስማማል። ሌላው፣ በ37 ዲግሪ የምትሠሪው የሪሊዝ ሙከራ ራሱ ቀዳዳ ሊዘጋ ይችላል። ከዝምታው ጊዜሽ ከፊሉ የመጣው ከዚያ ሊሆን ስለሚችል፣ ከመጀመሪያው ቀን በኋላ ጥቂት እንክብል አውጥተሽ በብሉ ዴክስትራን ድጋሚ እዪ። የትኛውንም መንገድ ብትመርጪ የቀረውን ዳይክሎሮሜቴን አስለኪ፤ ዓለም አቀፉ ገደብ 600 ፒፒኤም ነው። ከዚያ በላይ ከቀረ ፖሊመሩን ስለሚያለሰልሰው የሪሊዝ ቁጥርሽ ከቀን ወደ ቀን ይዋዥቃል።